አረንጓዴዋም ጥቁሩም አንድ ናቸው፤ ስለ ጨፌው ቅጠል ዘላይ

ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ «የምኖረው አውሮፓ ነው። ከቤታችን ጀርባ ውሃ የሚተኛበት የሳር መስክ አለ። ከጁላይ ወዲህ ሳሩን በነካሁ ቁጥር ደማቅ አረንጓዴ ትንንሽ ዘላዮች ብድግ ይላሉ። መሃላቸው አነስ ያለና ወደ ጥቁር ሰማያዊ የሚያደላ ሌላ ዓይነት አለ። ጠጋ ብዬ ሳይ አንዱ ከኋላው ጥርት ያለ ጠብታ ያስፈነጥራል። ምንድን ናቸው? ሳሩን ይጨርሱት ይሆን? አጠገቡ አምና የተከልኳቸው የፖም ችግኞች ስላሉ መድኃኒት ልርጭ ወይ ብዬ ነው።»

መድኃኒቱን ይተዉት። ሳርዎን አይጨርሱትም። የችግኞቹ ነገር ግን ሊታሰብበት ይገባል። እሱን መጨረሻ ላይ አመጣዋለሁ፤ የዚህን ፍጡር አኗኗር ሳያውቁ መልሱ አይገባም።

ሁለት ዓይነት ያሏቸው አንድ ናቸው። አረንጓዴዋ ሴቷ ናት፤ ጥቁር ሰማያዊው ወንዱ ነው። ቅጠል ዘላይ ከሚባሉት ነፍሳት ወገን ናቸው፤ ሳይንሳዊ ስማቸው ሲካዴላ ቪሪዲስ ይባላል። ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ካርል ሊኒየስ በ1758 ሲመዘግባቸው ሲካዳ ከሚባሉት ትልልቅ ጯሂ ነፍሳት ጋር አንድ ላይ ነበር ያስቀመጣቸው። ዛሬ ቅጠል ዘላዮች የራሳቸው ቤተሰብ አላቸው፤ ከ20 ሺህ በላይ ዝርያዎች የታወቁበት ግዙፍ ቤተሰብ። የእርስዎ እንግዶች ከምዕራብ አውሮፓ እስከ ጃፓን ይገኛሉ። የሚወዱት ደግሞ ልክ እርስዎ የገለጹትን ዓይነት ቦታ ነው፦ ጨፌ፣ የወንዝ ዳር ሳር፣ ቄጠማና ቄጠማ መሰል ተክሎች የበዙበት ረግረግ።

እርግጠኛ ለመሆን ከፈለጉ አንዷን በብርጭቆ ይያዙና ጭንቅላቷን ይዩ። ቢጫ ነው፤ አናቷ ላይ ሁለት ጥቁር ነጥቦች አሉ። ሴቷ ከ7 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ትሆናለች፤ ወንዱ ከ6 እስከ 7 ገደማ ነው። ከዚያ በማጉያ መነጽር የኋላ እግሯን ይመልከቱ። ቅልጥሟ ላይ ከላይ እስከ ታች በረድፍ የተደረደሩ ሹል እሾሆች ያያሉ። ይሄ የመላው ቤተሰብ መታወቂያ ነው። ሌላ ዘላይ ነገር ይዘው «ቅጠል ዘላይ ነው ወይስ አይደለም?» ብለው ከተጠራጠሩ መጀመሪያ እሾሁን ነው የሚያዩት።

ብዙ ሰው ከፌንጣ ጋር ያምታታቸዋል። ሁለቱም ስለሚዘሉ አይፈረድበትም። ግን ዝምድናቸው ሩቅ ነው። ፌንጣ ያኝካል። ይሄኛው ማኘክ የሚባል ነገር አያውቅም፤ መርፌ መሰል አፉን ተክሉ ውስጥ ሰክቶ ይመጥጣል። የተበጣጠሰ ቅጠል ካዩ እነዚህን አይክሰሱ።

አትክልት ቦታዎ ውስጥ ሮዶደንድሮን የሚባለው አበባማ ቁጥቋጦ ካለ ሌላ አረንጓዴ ቅጠል ዘላይ ሊያዩ ይችላሉ። ክንፉ ላይ ቀያይ መስመሮች ካሉት እሱ ሌላ ነው፤ ከሰሜን አሜሪካ የመጣ እንግዳ ነው። ጨፌው ውስጥ አይፈልጉት።

አንድ ነገር ደግሞ ይሞክሩ። አንዷ ግንድ ላይ እንዳረፈች ጣትዎን ቀስ አድርገው ያስጠጉ። ወዲያው አትዘልም። በጎን በጎን እየሄደች ዞራ ከግንዱ ጀርባ ትደበቃለች። እርስዎ በዚያ በኩል ሲመጡ እሷ በዚህ በኩል ትዞራለች። ድብብቆሹ ካላዋጣት ብቻ ነው የምትፈናጠረው።

አሁን ወደ ጠብታው። እውነቱን ለመናገር ከጥያቄዎ ውስጥ በጣም ደስ ያለኝ እሱ ነው። ብዙ ሰው እነዚህን ያያል፣ ጠብታውን ግን አያይም።

ተክል ውስጥ ሁለት ዓይነት ቧንቧ አለ። አንዱ ቅጠል ያዘጋጀውን ስኳር ወደ ሌላው የተክሉ ክፍል ያደርሳል፤ ፍሎየም ይባላል። ሌላው ከሥር ውሃ ይዞ ወደ ላይ ይወጣል፤ ዛይለም ነው ስሙ። ተክል የሚመጥጥ ተባይ አብዛኛው የሚሄደው ወደ ስኳሩ ነው። ክሽክሽ የሚባሉት ቅማል መሰል ተባዮች ለምሳሌ ስኳሩን ስለሚጠጡ የሚያስወጡት ፈሳሽ ያጣብቃል። የእርስዎዎቹ ግን የሚጠጡት ከውሃው ቧንቧ ነው። ለዚህ ነው ጠብታቸው ጥርት ያለው። መስታወት ላይ ቢወድቅም አያጣብቅም።

ዛይለም ውስጥ ያለው ፈሳሽ ከ95 በመቶ በላይ ውሃ ነው። የቀረው ትንሽ ማዕድን፣ ትንሽ አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን የሚሠራበት ንጥረ ነገር)፣ በጣም ትንሽ ስኳር ነው። ከምግብ ሁሉ የሳሳ ምግብ ማለት ነው። በዚያ ላይ በቀላሉ አይገኝም። ተክል ውሃ የሚያወጣው ከላይ በመሳብ ስለሆነ ቧንቧው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ተወጥሮ ነው የሚኖረው። ቢበሱት ውሃ አይፈስም፤ ይልቁንም አየር ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ጠጪው ከተክሉ በላይ በርትቶ መሳብ አለበት። ዛይለም ጠጪ ነፍሳት ከ1 ሜጋፓስካል በላይ በሆነ ኃይል መሳብ እንደሚችሉ በጥናት ታይቷል። ይህ ከከባቢ አየር ግፊት 10 እጥፍ ገደማ ነው። እኛ በአፋችን የምንስበው ከዚህ ጋር ሲወዳደር ምንም አይደለም።

ይህን የሚያደርገው ጡንቻ የት እንዳለ በዓይንዎ ማየት ይችላሉ። ብርጭቆ ውስጥ ያለችውን ከጎን ይዩአት። ፊቷ ወደ ፊት ያበጠ ነው፤ ግራና ቀኙ ላይ አግድም መስመር መስመር ይታያል። ያ እብጠት ከውስጥ በጡንቻ የተሞላ ነው፤ መስመሮቹም ጡንቻዎቹ የተያያዙበት ቦታ ናቸው። ፊት ሳይሆን ፓምፕ ነው ማለት ይቻላል።

እንግዲህ የምትጠጣው ሁሉ ውሃ ከሆነ ውሃው የት ይሂድ? ሰውነቷ ውስጥ ቢቆይ ደሟን አቅጥኖ ይገድላታል። እዚህ ላይ አንጀቷ ይገርማል። የአንጀቱ መጀመሪያ ዞሮ ተጠማዝዞ ከአንጀቱ መጨረሻ ጋር ይገናኝና አንድ ላይ ይታሸጋል። ክፍሉ የማጣሪያ ክፍል ይባላል። ውሃው ረጅሙን መንገድ አይሄድም፤ በዚያ ስስ ግድግዳ አቋርጦ በቀጥታ ወደ መውጫው ያልፋል። ንጥረ ነገሩ ግን ይጠራቀምና ረጅሙን መንገድ ተጉዞ ይፈጫል።

ይሄ ግድግዳ ሳይንስ ውስጥ ስም ያተረፈ ግድግዳ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች የሲካዴላ ቪሪዲስን የማጣሪያ ክፍል ሲመረምሩ ግድግዳው በአንድ ዓይነት ፕሮቲን ጢም ብሎ አገኙት። ፕሮቲኑ ውሃ ብቻ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ነው፤ አኳፖሪን ይባላል። የዚያኑ ፕሮቲን የአሠራር መመሪያ የእንቁራሪት እንቁላል ውስጥ ሲያስገቡት እንቁላሉ ከወትሮው በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ውሃ ማስገባት ጀመረ። በነፍሳት ዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ በውል ተለይቶ የታወቀው አኳፖሪን ይሄ ነው። የሰው ደም ሴል ውስጥ ያለውን አኳፖሪን ያገኘው ፒተር አግሬ በ2003 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። ጓሮዎ ያለችው ፍጥረት የዚያ ታሪክ አንድ ምዕራፍ ናት። ለምን ታዋቂ እንዳልሆነች አልገባኝም።

ጠብታውን የምታስፈነጥረው ደግሞ ውሃው ስለበዛ ነው። ዝም ብላ ብታንጠባጥበው ትንሽ ሰውነቷ ላይ ይጣበቃል፤ በዚህ መጠን ላለ ፍጡር ጠብታ ውሃ ሸክም ነው። በአሜሪካ የሚገኝ አንድ ትልቅ ዘመዷ በቀን እስከ ሰውነቱ ክብደት 300 እጥፍ የሚደርስ ፈሳሽ ያስወግዳል። በ2023 የታተመ ጥናት ያ ዘመዷ ጠብታውን እንዴት እንደሚወረውር በፈጣን ካሜራ አሳይቷል። ጅራቱ ጫፍ ላይ ያለችው ትንሽ ዘንግ ጠብታው እስኪሞላ ትጠብቃለች፤ ከዚያ ትስፈነጠራለች። ጠብታው ተጨምቆ ሲለቀቅ ከዘንጓ ራሷ በ40 በመቶ ገደማ ይፈጥናል። የእርስዎንም ፀሐይ ከፊት ለፊትዎ፣ ጥላ ያለበት ቦታ ደግሞ ከጠብታው ኋላ እንዲሆን ቆመው ቢያዩ ይበልጥ ይታያል። አንዱ ጠብታ ሄደ ሲሉ ሌላው ይሞላል።

ቀሪው ጥያቄ ደግሞ፣ በውሃ ብቻ እንዴት ይኖራል? አይኖርም። ብቻዋን አይደለችም። ሰውነቷ ውስጥ ለዚሁ የተዘጋጁ ክፍሎች አሉ፤ ውስጣቸውም ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። አንዱ ሱልሲያ ይባላል፤ ዛይለም ውስጥ የጎደሉትን አሚኖ አሲዶች ይሠራላታል። ባክቴሪያዎቹ ከእናት ወደ እንቁላል ይተላለፋሉ፤ ልጅ ስትፈለፈል ስንቋን ይዛ ነው። በዚህች ዝርያ ደግሞ አንድ የተለየ ነገር ተገኝቷል። በ2014 የፖላንድ ተመራማሪዎች ሁለተኛ ባክቴሪያ አዩ። ከሱልሲያ ጋር መኖር የጀመረው በቅርብ ጊዜ እንደሆነ ይገመታል፤ ከሱልሲያ ሴሎች አንዳንዶቹ ውስጥ ገብቶ ተገኝቷል። ባክቴሪያ ውስጥ ባክቴሪያ፣ ያም በነፍሳት ውስጥ።

ቆዳዋ ላይ ያለውም ከዚህ ያነሰ አያስገርምም። ቅጠል ዘላይ ቆዳ በቀየረ ቁጥር ከኋላው ነጣ ያለ ፈሳሽ ያወጣና በእግሮቹ መላ ሰውነቱን ይቀባዋል። ፈሳሹ ሲደርቅ ብሮኮሶም የሚባሉ ጥቃቅን ቅንጣቶች ይቀራሉ። እያንዳንዷ ከሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ታንሳለች። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታዩ ውስጣቸው ባዶ የሆነ፣ ዙሪያቸውን በቀዳዳ የተሞሉ ክብ ነገሮች ናቸው፤ እግር ኳስ ነው የሚመስሉት። ሰውነቱን ውሃ እንዳያርሰው ያደርጉታል፤ በራሱ ጠብታ እንዳይጣበቅም ይረዱታል። በ2024 የፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰው ሠራሽ ብሮኮሶም ሠርተው ሲፈትሹ የብርሃን ነጸብራቅን ከ80 እስከ 94 በመቶ መቀነስ ችለዋል። ብልጭ የማይል ነገር ደግሞ ለወፍና ለሸረሪት ዓይን በቀላሉ አይታይም።

የዓመቱ ዑደት እንዲህ ነው። ሴቷ ከሆዷ በታች ስለት ያለው፣ መጋዝ የሚመስል እንቁላል መጣያ አላት። በእሱ የተክል ግንድ ሰንጥቃ እንቁላሎቿን ጎን ለጎን ትሸጉጣለች። በጨፌ ውስጥ በጣም የምትመርጠው ጁንከስ የሚባለውን ክብ ግንድ ያለው ቄጠማ መሰል ተክል ነው። ግንዱን በጣትዎ እየዳሰሱ ቢወርዱ ቀጭን ጠባሳ ያገኛሉ። ጠባሳውን በስለት ከከፈቱት እንቁላሎቹ ተደርድረው ይታያሉ። ክረምቱን የምትሻገረው እንዲህ በእንቁላልነት ነው። ካደጉት አንዳቸውም ብርዱን አያልፉም።

በጸደይ የሚፈለፈሉት ልጆች ክንፍ የላቸውም። የአንበጣ ኩብኩባ እንደሚያድገው ቆዳ እየቀየሩ፣ በአምስት ደረጃ፣ ቀስ በቀስ ክንፍ እያወጡ ያድጋሉ። ቢጫ ናቸው፤ ጀርባቸው ላይ ጥቁር ቀጥ ያሉ መስመሮች አሉ። እርስዎ ከጁላይ ወዲህ ማየት የጀመሩት ክንፍ ያወጡትን ነው። እስከ ኦክቶበር ይቆዩልዎታል። በሰሜን በዓመት አንድ ትውልድ፣ አልፎ አልፎ ሁለት ይሆናል። ሞቃት አካባቢ ሁለት ወይም ሦስት ይደርሳል።

ወንድና ሴት የሚገናኙት በድምፅ ነው፤ ግን እርስዎ አይሰሙትም። ወንዱ ሆዱ ሥር ባለው ስስ ሽፋን ግንዱን ያንቀጠቅጣል። መልእክቱ በአየር ሳይሆን በተክሉ ውስጥ ይሄዳል፤ ሴቷ በእግሮቿ ትቀበለዋለች። ይህን ጉዳይ በሰፊው ያሳየው ስዊድናዊው ፍሬይ ኦሲያኒልሰን ነው፤ በ1949። እሱው ሰውዬ በ1981 የሲካዴላ ቪሪዲስን የቅርብ ዘመድ፣ ረግረግ ብቻ የሚኖረውንና ጠቆር የሚለውን ሲካዴላ ላሲዮካርፔን ለይቶ ሰይሟል። የእርስዎ መስክ ተራ ጨፌ ከሆነ ያ አይመጣም።

ጠላት አያጡም። ሸረሪት ይበላቸዋል፤ ወፍ ይለቅማቸዋል። ዋነኞቹ ግን እንቁላሉ ላይ የሚመጡት ናቸው። ማይማሪዴ የሚባሉ ከ1 ሚሊ ሜትር የማይበልጡ ተርቦች አሉ። የግንዱን ጠባሳ ፈልገው እንቁላሉ ውስጥ የራሳቸውን ይጥላሉ። ግንድ ከከፈቱ አይቀር፣ ከቀሩት መሃል ቀለሙ የተለወጠ እንቁላል ካዩ ውስጡ ያለው የቅጠል ዘላይ ልጅ ላይሆን ይችላል። መድኃኒት ሲረጩ መጀመሪያ የሚያልቁት እንዲህ ያሉት ናቸው፤ ለዚህ ነው ገና ከጅምሩ ይተዉት ያልኩት።

አሁን ስለ ጉዳቱ። ለሳሩ ምንም አይደለም። በርካታ ቢሆኑም የሚወስዱት በአብዛኛው ውሃ ነው፤ ያውም ውሃ በሞላበት መስክ። የከብት መኖ ቢሆን እንኳ አያሳስብም።

ምናልባት ስለ ዛይለላ ሰምተው ይሆናል፤ በ2013 በደቡብ ጣሊያን ፑሊያ የወይራ ዛፎች ላይ ስለተገኘው በሽታ አምጪ ባክቴሪያ። ዛይለላ የሚኖረው የተክል ውሃ ቧንቧ ውስጥ ስለሆነ ከዚያ የሚጠጣ ሁሉ ይጠረጠራል፤ ይሄኛውም ከተጠርጣሪዎቹ ዝርዝር አልወጣም። ፑሊያ ውስጥ ግን ዋናው አስተላላፊ አረፋ ውስጥ የሚያድገው፣ ፊሌነስ ስፑማሪየስ የሚባል ሌላ ተክል መጣጭ ነፍሳት ነው። የእርስዎ እንግዳ ኑሮው ጨፌ ላይ ነው፤ ወይራ ላይ ሲውል አይታይም። አካባቢዎ በሽታው ከሌለበት ይህን አሳቦ መርጨት ትርጉም የለውም።

የፖም ችግኞቹ ላይ ግን ጠንቀቅ ይበሉ። ሴቷ በበልግ፣ ማለትም ብርዱ ሊገባ ሲል፣ የምትጥለውን እንቁላል ሁልጊዜ ቄጠማ ውስጥ አታደርገውም። አጠገቧ ልስልስ ቅርፊት ያለው ወጣት ዛፍ ካለ እሱንም ትሰነጥቃለች። ቅርፊቱ ላይ የጨረቃ ግማሽ የሚመስል ትንሽ እብጠት ይቀራል። አንድ ሁለት ቢሆን ዛፉ አይሰማውም። በመቶ የሚቆጠር ሲሆን ግን በዚያ ቁስል ውሃው ይተናል፤ በክረምቱ ደረቅ ነፋስ ቅርንጫፉ ይደርቃል። በቻይና በወጣት ፍራፍሬ እርሻና ፖፕላር በሚባለው ዛፍ ችግኝ ላይ ከታወቁት ተባዮች አንዱ ነው። ችግሩ የወጣት ዛፍ ነው፤ ቅርፊቱ ከወፈረ በኋላ ትተወዋለች።

እንግዲህ እንዲህ ያድርጉ። ከሴፕቴምበር ጀምሮ ችግኞቹ ሥር ያለውን ሳርና አረም አጭር አድርገው ይያዙ፤ ከጨፌው እስከ ችግኞቹ ድረስ የተያያዘ ረጅም ሳር አይኑር። ግንዱንና ከታች ያሉትን ወፍራም ቅርንጫፎች በኖራ ይቀቡ። ይህን ከመጀመሪያው ውርጭ በፊት መጨረስ አለብዎት፤ ከዘገዩ እንቁላሉ ገብቶ ይቆያል። በክረምቱ መግረዝ ሲጀምሩ ጠባሳ የበዛበትን ቀጭን ቅርንጫፍ ቆርጠው ያስወግዱ። ግንዱ ላይ ያሉ ጥቂት ጠባሳዎችን ደግሞ በጣትዎ ተጭነው መጨፍለቅ ይቻላል። ጨፌውን ራሱን በበልግ ሙሉ በሙሉ አጭደው እንዳይጠርጉት። ቢያንስ ግማሹ ቄጠማ እስከ ጸደይ እንዲቆም ይተዉት። ሴቷ ቅርብ ሆኖ የምታገኘው ቄጠማ ካለ ፖም ፍለጋ የምትሄድበት ምክንያት ያንሳል፤ ትንንሾቹም ተርቦች ክረምቱን የሚያልፉት እዚያው ግንድ ውስጥ ነው።